መቀመጫን የሚያቃጥለው ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ እንደ ሂርና፣ በዴሳና ገለምሶ ሁሉ የጫት አገር ናት። በእነዚህ የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ከምሳ በኋላ ጫት ለመቃም በርጫ መቀመጥ የተለመደ ነው። ሰው ለመናገር የሚያፍርበት የመቀመጫ ማቃጠልም ብዙ ጊዜ መነሻው ከዚያው ነው።

ጫት ውስጥ ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገርና ታኒን አሉ። ካቲኖን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ከታኒኑ ጋር ሆኖም ሆድ ያደርቃል። ቃሚው ራቱን ሳይበላ ያድርና በማግስቱ መጸዳጃ ቤት ሲያምጥ ይቆያል። ለሰዓታት ተቀምጦ መዋሉም ይታከልበታል። በየመን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናትም ኪንታሮት ከማይቅሙት ይልቅ በቃሚዎች ላይ እጅግ በዝቶ አግኝቷል።

ማማጥ የሚያመጣው ጉዳት በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው ኪንታሮት ሲሆን፣ በፊንጢጣ ውስጥና ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ማበጥ ነው። የውስጡ ብዙውን ጊዜ ሳያም ደማቅ ቀይ ደም ያሳያል። የውጭው ያሳክካል፤ ደም ከረጋበት ደግሞ ድንገት አብጦ ክፉኛ ያማል። ሁለተኛው የፊንጢጣ መሰንጠቅ ነው። ሰገራው ሲወጣ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ ማቃጠሉም ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ታማሚው ሕመሙን ፈርቶ ሰገራውን ሲይዝ የበለጠ ይደርቅና ስንጥቁን መልሶ ይከፍተዋል።

ጫት ቀምሶ የማያውቅም ከዚህ አያመልጥም። እርግዝናና ወሊድ ኪንታሮት ያመጣሉ። ተቅማጥ፣ ሚጥሚጣ የበዛበት ምግብ፣ ላብ፣ በሳሙና አጥብቆ መታጠብም ቆዳውን ያስቆጣሉ። በተለይ ሕፃናትን ሌሊት የሚያሳክካቸው ከሆነ ቀጫጭን ነጫጭ ትሎች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ በአንድ ጊዜ መድኃኒት መውሰድ ይኖርባቸዋል።

ሕክምናው የሚጀምረው ከማዕድ ነው። የማሽላ እንጀራ፣ የቦሎቄ ንፍሮ፣ ጎመንና ፓፓያ በቂ ውኃ ሲጠጣባቸው ሰገራን ያለሰልሳሉ። ጫቱን መተው፣ ቢያንስ መቀነስ ይገባል። ሰገራ ሲመጣ ማዘግየት፣ ስልክ ይዞ መጸዳጃ ቤት መቆየትም መቅረት አለባቸው። ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ውስጥ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ ሕመሙን ያስታግሳል። አዲስ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መልክ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይድናል። ከቆየ የተኮማተረውን ጡንቻ የሚያላላ ቅባት ይታዘዛል። በዚህ ያልተሻለው የውስጥ ኪንታሮት በላስቲክ ይታሰራል፤ የባሰበትም በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ኪንታሮት ያነቅላል የተባለ የሚያቃጥል ቅጠል ማድረግ ግን ጠባሳ ትቶ መውጫውን ሊያጠብ ይችላል።

ትኩሳትና መግል ያለበት እብጠት፣ ብዙ ደም ወይም ጥቁር ሰገራ ከታየ በዚያው ዕለት ሆስፒታል መሄድ ነው። ክብደት ከቀነሰ፣ የሰገራ ልማድ ከተለወጠ ወይም መድማቱ ከተመላለሰም መመርመር ግድ ይላል። የአንጀት ካንሰርም እንዲሁ ያደማልና፣ ደም ያየ ሰው ሳይመረመር «ኪንታሮት ነው» ብሎ መተው የለበትም።