የኩላሊት ዕጢ ቀስ ብሎ ካደገ አያሰጋም ማለት ነው?

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ፍኖተ ሰላም ቤተሰቦቼ ዘንድ ሳለሁ ከቡሬ የመጡት አጎቴ አንድ ወረቀት ሰጡኝና «አንተ ተማሪ አይደለህ? እስኪ አንብብልኝ» አሉኝ። ለጨጓራቸው ብለው አልትራሳውንድ ሲነሱ ሳይታሰብ ግራ ኩላሊታቸው ላይ ዕጢ ታየ። ባህር ዳር ሄደው ሲቲ ስካን ሲነሱ መጠኑ 2 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አጎቴ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፣ ደም ግፊትም አለባቸው። ሐኪሙም ጥር ላይ ተመልሰው እንዲለኩ ቀጠራቸው።

«በሽታ ካለ አይቆርጡትም? ቁጭ ብሎ መጠበቅ ምን ይባላል? ጥር ደግሞ ውቂያ ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ግቢ ተመልሼ ያነበብኩትን እነሆ ላካፍላችሁ።

ከ4 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ የኩላሊት ዕጢ «ትንሽ» ይባላል። ከአምስቱ አንዱ ያህል ጭራሽ ካንሰር አይደለም። ካንሰር የሆኑትም ብዙዎቹ በዝግታ ነው የሚያድጉት፤ በአማካይ በዓመት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች። በዕድሜ ለገፋና ሌላ ሕመም ላለበት ሰው እየለኩ መከታተል አንዱ የሕክምና መንገድ የሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ቶሎ ያደገው ክፉ፣ ያላደገው ደግ ነው? እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የካናዳ ጥናት በናሙና ምርመራ ካንሰር የሆኑትንና ያልሆኑትን ሲያወዳድር በእድገት ፍጥነታቸው ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ኦንኮሳይቶማ የሚባለው ካንሰር ያልሆነ ዕጢም ያድጋል፤ ባለበት የቆየ ዕጢም ካንሰር ሊሆን ይችላል። ፍጥነት ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም። ቢሆንም በዓመት ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ካደገ ወይም 4 ሴንቲ ሜትርን ካለፈ ሐኪሞች ስለ ቀዶ ጥገና ማሰብ ይጀምራሉ።

ሌላው የልኬት ጉዳይ ነው። አንዱን ዕጢ ሁለት ባለሙያ ቢለካው የ2 ወይም የ3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ሊመጣ ይችላል። ይህ እኮ የአንድ ዓመት እድገት ያህል ነው! ዛሬ በአልትራሳውንድ፣ ነገ በሲቲ ስካን ከተለካማ ዕጢው ይደግ መሣሪያው ይለወጥ በምን ይታወቃል? ስለዚህ የድሮው ፊልም ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን መታየት አለበት።

ይህን ሁሉ በስልክ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ቀጠሮው ራሱ ሕክምና ነው። ፊልሙን እንዳይጥሉት። ሽንትዎ ደም ከቀላቀለ ደግሞ ጥርን ሳይጠብቁ ይሂዱ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው ውቂያውን ልጆቹ ይወጡታል» አሉኝ። ፊልሙንም በፌስታል ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል።

ቸር እንሰንብት።