ከቀዬ ርቆ መታመምና የሕክምና ወጪ፦ ከፎገራ እስከ አውሮፓ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ከደብረ ታቦሩ መንገድ ጋር የሚገናኝባት በመሆኗ መንገደኛ የማይለያት ከተማ ናት። ከፎገራ ሜዳ የሩዝ አምራች ቀበሌዎች ብዙ ወጣቶች ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ፤ ባሕር ማዶ የሚኖሩ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አውሮፓ የሚጓዙ ወላጆችም አሉ። የጉዞዎቹ ርቀት ባይመሳሰልም ጥያቄው አንድ ነው፤ መንገደኛው ከቀዬው ርቆ ቢታመም ወጪውን ማን ይሸፍናል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መልሱ ከጉዞው በፊት በጤና ባለሙያው እጅ በሚጻፍ ወረቀት ላይ ምን ያህል እንደሚመሠረት ማስገንዘብ ነው።

በአገር ውስጥ

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። በሙከራው ደንብ አባልነቱ በቤተሰብ ደረጃ ሲሆን ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ አባል የወጪውን 50 በመቶ ራሱ ይከፍል ነበር። ከክልሉ ውጭ በሚገኝ ሆስፒታል ለታከመ አባል መድኑ የሚመልሰው በራሱ ክልል ወይም አካባቢ ያለ ሆስፒታል በአማካይ የሚያስከፍለውን ያህል ብቻ ነበር። በውጭ አገር የሚደረግ ሕክምና ደግሞ ከመድኑ ጥቅም ሙሉ በሙሉ ውጭ ነበር።

ከእነዚህ ድንጋጌዎች አንድ መሠረታዊ ነገር መረዳት ይቻላል። የጤና መድን የሚከተለው በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን የተመዘገበበትን ቦታና ያለፈበትን የሪፈር ሰንሰለት ጭምር ነው። ስለሆነም አንድ የቀን ሠራተኛ አባል መሆኑ ብቻውን በሄደበት ሁሉ ሙሉ ሽፋን ያገኛል ማለት አይደለም።

ወጪን ፈርቶ ሕክምናን ማዘግየት የሚያስከትለው ጉዳት ለአካባቢው ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች የተከሰተው የካላ-አዛር ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ተገምቶ ነበር። በሽታው ወደ አካባቢው የገባው ከመተማና ከሁመራ በተመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች አማካይነት ሳይሆን እንዳልቀረም ይታመናል። ካላ-አዛር ካልታከመ ከ95 በመቶ በላይ ለሚሆኑት ሕሙማን ሞትን ያስከትላል። መድኃኒቱ በነፃ ቢሰጥ እንኳ የመጓጓዣው፣ የምግቡና ሥራ የተፈታበት ቀን ሂሳብ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። ትኩሳቱ የሰነበተበትና ጣፊያው ያበጠ ተመላሽ ሠራተኛ ሲቀርብ የጉዞ ታሪኩን መጠየቅና በጊዜ ሪፈር መጻፍ ሕይወትንም ገንዘብንም ያድናል።

ድንበር ከተሻገሩ በኋላ

ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ሌላ ሥርዓት ይጠብቀዋል። ለአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ የሚያመለክት ኢትዮጵያዊ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን ማቅረብ አለበት። መድኑ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ ሆኖ አስቸኳይ ሕክምናን፣ የድንገተኛ ሆስፒታል ሕክምናንና በሕመም ወይም በሞት ምክንያት ወደ አገር መመለስን ማካተት ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ብዙ ፖሊሲዎች ከጉዞው በፊት የነበረን በሽታ አይሸፍኑም፤ ወይም ሽፋኑን ይገድባሉ። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ላለባቸው እናት ወይም አባት ዋናው ሥጋት እዚህ ላይ ነው።

ብሪታንያ ከሸንገን ውጭ ስትሆን የራሷ አሠራር አላት። በድንገተኛ ክፍል የሚሰጠው ሕክምና ለማንም በነፃ ነው፤ ሆኖም ታማሚው ሆስፒታል ከተኛ በኋላ ነፃ የማድረጊያ መብት የሌለው ጎብኚ የአገሪቱን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ታሪፍ 150 በመቶ እንዲከፍል ይደረጋል። የሳንባ ነቀርሳን፣ የወባንና የኤች አይ ቪን የመሳሰሉ ሕመሞች ሕክምና ግን ከክፍያ ነፃ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ራሳቸው የሚጠቀሙበት የአውሮፓ የጤና መድን ካርድም ቢሆን በቆይታ ጊዜ አስፈላጊ የሆነውን ሕክምና እንጂ ለሕክምና ተብሎ የሚደረግን ጉዞ አይሸፍንም። ድንገተኛውን ከታቀደው፣ አዲሱን ሕመም ከነባሩ መለየት በሁሉም ዘንድ የጋራ መርሕ ነው። መለያው ማስረጃ ደግሞ የሐኪሙ ጽሑፍ ነው።

ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው

አንደኛ፣ ነባር ሕመም ላለበት መንገደኛ ምርመራው የተደረገበትን ቀን፣ የቅርብ ጊዜ ልኬቶችንና የመድኃኒቶቹን የጋራ ስያሜ ከነመጠናቸው የያዘ አጭር ማስረጃ በእንግሊዝኛ ጽፎ መስጠት።

ሁለተኛ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ለቆይታው በሙሉና ለጥቂት ተጨማሪ ቀናት እንዲበቁ፣ ከነማሸጊያቸውም በእጅ ሻንጣ እንዲያዙ ማሳሰብ።

ሦስተኛ፣ ነባር ሕመምን ከመድን ድርጅቱ መደበቅ እንደማይገባ ማስረዳት። ባለሙያው ቤተሰቡን ለመርዳት በማሰብ ሕመሙን ከማስረጃው ቢያስቀር የሚጎዳው መንገደኛው ራሱ ነው፤ ድርጅቱ መደበቁን ሲደርስበት ክፍያውን ሊከለክል ይችላልና።

አራተኛ፣ ሲታመም የመድን ድርጅቱን በተቻለ ፍጥነት እንዲያስታውቅና ደረሰኞችን ሁሉ እንዲያስቀምጥ መንገር።

አምስተኛ፣ በአገር ውስጥ ለሥራ የሚወርደውን ወጣት ከመሄዱ በፊት የመድን ካርዱ የታደሰ መሆኑን መጠየቅና ካርዱ በሄደበት ቦታ ምን እንደሚሸፍን ከወረዳው መድን ጽሕፈት ቤት እንዲያጣራ መምከር።

እነዚህን ለመፈጸም የሚወስደው ጊዜ አጭር ነው። ካልተፈጸሙ ግን ለዓመታት የተጠራቀመ ጥሪት ወይም የእርሻ በሬ በአንድ ሳምንት የሆስፒታል ሂሳብ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ መንገደኛን ማዘጋጀት ከመደበኛው የጤና አገልግሎት የተለየ ተግባር ሳይሆን የዚሁ አንድ አካል ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል።