ወርቅ፣ ፍቅርና የራስ ገንዘብ

የወርቅ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ጉድጓዱና ስለ ግራሙ ነው። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሳው የፈለግኩት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አንዲት ወጣት ወርቅ ፍለጋ ወጥታ ገንዘብ ብትይዝና የወደደችውን ብታገባ ያ ገንዘብ የማን ነው?

ለምሳሌ አንዲት የሪራ ልጅ እናስብ። ሪራ ከሳነቴ ሥር፣ በሐረና ጫካ አፋፍ ላይ ያለች መንደር ናት። ከጎባ የሚነሳው መንገድ በሪራ አልፎ ወደ ደሎ መና ይወርዳል፤ ከዚያ በነገሌ ቦረና በኩል ወደ ክብረ መንግሥትና ወደ ሻኪሶ፣ ማለትም ወደ ጉጂ የወርቅ አገር ይደረሳል። አዶላ አካባቢ ወርቅ መውጣት ከጀመረ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል።

በባህላዊው አሠራር ጉድጓድ የሚቆፍረው በአብዛኛው ወንድ ነው። ሴቶች አፈር ይሸከማሉ፣ በገበቴ ያጥባሉ፣ ሻይና ምግብ ይሸጣሉ። ድርሻ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በቃል ነው። ሆኖም የማዕድን አዋጅ ቁጥር 678/2002 የባህላዊ ማዕድን ፈቃድን ለኢትዮጵያውያን ሲፈቅድ ወንድ ሴት ብሎ አይለይም። ልጅቷ በራሷ ስም ፈቃድ ካላት የቃል ድርሻ ጠባቂ አትሆንም።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በካናዳ የክሎንዳይክ ወርቅ ሩጫ ጊዜ ቤሊንዳ መልሩኒ የምትባል የአየርላንድ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1897 ዶውሰን ደርሳ ጨርቅና የሙቅ ውኃ መያዣ በመሸጥ ጀመረች፤ በዓመቱ ትልቅ ሆቴል ከፈተች። በ1900 ኮንት ነኝ የሚል ሰው አገባች፤ በ1906 ተፋቱ። ገንዘብ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ በትዳር ውስጥ መጠበቅ ደግሞ ሌላ ነው።

እንግዲህ ወደ ፍቅሩ እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ የቤተሰቡ ራስም ባል ነው ይል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት አዘዘ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 213/1992 ደግሞ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገው። ኦሮሚያም በአዋጅ ቁጥር 69/1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው አንቀጾች ግን የፌዴራሉ ናቸው።

በአንቀጽ 57 መሠረት ልጅቷ በጋብቻው ዕለት የነበራት ንብረት የግሏ ሆኖ ይቀጥላል። በአንቀጽ 62 መሠረት ግን ከሠርጉ በኋላ በጉልበቷ ያገኘችው የጋራ ነው። «እኔ አጥቤ ያገኘሁት እኮ ነው!» ብትል አያዋጣም። የባሏም እንደዚያው ነው፤ እሱ የሚያወጣው ወርቅ የእሷም ጭምር ነው። አንቀጽ 63 ደግሞ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ ንብረቱን ሁሉ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ታዲያ ወርቅ ላይ ስም አይጻፍበትም! ከሠርጉ በፊት ሸጣ በስሟ ባንክ ካስገባችው ግን ቀኑና መጠኑ በደብተሩ ላይ ይገኛል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩት ናቸው። አንቀጽ 102 እንደ ባልና ሚስት አብረው ሲኖሩ የተፈራውን ንብረት የጋራ የሚያደርገው ኑሮው ከ3 ዓመት ካላነሰ ነው። ወርቅ ሲጠፋ ሰው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ምግብ አብስላ፣ አፈር ተሸክማ የኖረች ልጅ፣ ሰውየው ወርቁን ይዞ ቢሄድ በዚህ አንቀጽ የጋራ ንብረት ልትጠይቅ አትችልም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ፍቅር ካለ ጋብቻውን ማስመዝገብ፤ የንብረቱን ነገር ደግሞ ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ በጽሑፍና በአራት ምስክሮች፣ በሁለት የሷና በሁለት የሱ፣ መዋዋል ይቻላል። ይህን መጠየቅ ባልን መጠርጠር ተደርጎ ሲታይ እሰማለሁ። እኔ ግን እንዲህ አላየውም፤ ከልቡ የሚወድ ሰው ፊርማ አይፈራም። የሕግ ተማሪዎች ለእረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ለእህቶቻችን ልንነግራቸው የሚገባው ይህንን ነው።