የኔትወርክ አድራሻ እደላ ደንብ ያስፈልገዋል

የወረዳ አስተዳደሮችን ከክልልና ከፌዴራል መንግሥት ጋር ለማገናኘት ወረዳኔት በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከተጀመረ ወዲህ የኔትወርክ አያያዝ ከወልድያ እስከ ሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ላሉ መሥሪያ ቤቶች የአስተዳደር ጉዳይ ሆኗል።

ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር የአይፒ አድራሻ በራሱ የሚያድለው አገልግሎት ዲኤችሲፒ ይባላል። አገልግሎቱ ጌትዌዩን፣ ዲኤንኤሱንና አድራሻው የሚያገለግልበትን ጊዜ አብሮ ያሳውቃል፤ እነዚህ አማራጮች ይባላሉ።

በተለመደው አነስተኛ ኔትወርክ የሚታደለው አድራሻ ቢበዛ 254 ነው። በዊንዶውስ ሰርቨር አስቀድሞ የተወሰነው ጊዜ ደግሞ 8 ቀን ነው። በመሆኑም ለግማሽ ቀን ስብሰባ የመጣ እንግዳ ስልክ የወሰደው አድራሻ ባለቤቱ ከሄደ በኋላም ለቀናት ተይዞ ይቆያል። አድራሻው ሲያልቅ ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ሠራተኛ ከኔትወርክ ውጪ ይሆናል።

መፍትሔው ለይቶ ማስተናገድ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒዩተሮች በማክ አድራሻቸው የሚለይ ፖሊሲ አውጥቶ የራሳቸውን የአድራሻ ክልል መመደብ፣ ለፕሪንተሮች ቋሚ አድራሻ መያዝ፣ ለቀሩት መሣሪያዎች የ2 ሰዓት ቆይታ መስጠት ይቻላል። እንደ ሕግ ሁሉ በሰርቨሩም ልዩው ድንጋጌ ከጠቅላላው ይቀድማል።

ስለሆነም የሥራ ኃላፊዎች ቅድሚያ የሚሰጠውን አገልግሎት በጽሑፍ ሊወስኑ፣ ባለሙያዎችም ውሳኔውን በሰርቨሩ ላይ ተግባራዊ ሊያደርጉ ይገባል።