የልብ በርና ቀነ ገደብ ያለው ገንዘብ

ልብ ደምን ወደ መላ ሰውነት የሚረጭበት በር፣ አኦርቲክ ቫልቭ፣ በእርጅና ዘመን ካልሲየም እየተጋገረበት ይጠብባል። ለረጅም ጊዜ መድኃኒቱ ደረትን ከፍቶ ቫልቩን መቀየር ብቻ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናውን ለማይችል አዛውንት ደግሞ ሐኪም የሚያደርግለት ብዙም አልነበረም። በፈረንሳይዋ ሩዋን ከተማ ይሠሩ የነበሩት የልብ ሐኪም አላን ክሪቢዬ እ.ኤ.አ. በ1985 ጠባቡን ቫልቭ በፊኛ ማስፋት ጀመሩ። ግን ተመልሶ ይጠብ ነበር። ቀጥሎ ያሰቡት ከከብት የልብ ሽፋን የተሠራ ቫልቭ በስቴንት (በሚለጠጥ የብረት መረብ ቱቦ) ውስጥ ሰፍቶ፣ ጨምቆ፣ በብሽሽት የደም ሥር በኩል ወደ ልብ መላክን ነው።

ትልልቆቹ አምራቾች ሐሳቡን አልተቀበሉትም። ክሪቢዬ በ1999 ከማርቲን ሊዮን፣ ከስታንተን ሮውና ከስታን ራቢኖቪች ጋር ፒቪቲ የተባለ ትንሽ ኩባንያ አቋቋሙ፤ ናሙናውን ያበጁት መሐንዲሶች እስራኤል ውስጥ ነበሩ። የሚሸጥ ዕቃ፣ ገቢም ሆነ መያዣ የሌለውን እንዲህ ያለ ኩባንያ ባንክ አያበድረውም። የቬንቸር ካፒታል ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የቬንቸር ፈንድ ከጡረታ ድርጅቶች፣ ከዩኒቨርሲቲዎችና ከባለጸጎች ገንዘብ ሰብስቦ የጀማሪ ኩባንያዎችን አክሲዮን ይገዛል። ብዙዎቹ እንደሚከስሩ ያውቃል፤ ተስፋው የተሳኩት ጥቂቶች የሁሉንም እንዲመልሱለት ነው። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አያፈስም፣ ጥያቄ በተመለሰ ቁጥር እንጂ። ናሙናው በእንስሳ ላይ ሠራ? በሰውስ? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ምን ማስረጃ ይፈልጋል? መሣሪያው ሲፈቀድ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው? ልምድ ያላቸው የፈንድ ሰዎች የመጨረሻውን ጥያቄ መጀመሪያ ይጠይቃሉ። በአሜሪካ የ1976 ሕግ መሣሪያዎች እንደ አደጋቸው መጠን በሦስት ይመደባሉ፤ የልብ ቫልቭ ከሦስተኛው ምድብ ነው፤ ያለ ከባድ ማስረጃ አያልፍም።

ፒቪቲ ቫልቩን በበጎች ሞከረ። ሚያዝያ 2002 ላይ ደግሞ ክሪቢዬ ሌላ አማራጭ ላልቀረለት የ57 ዓመት ሕመምተኛ ሩዋን ውስጥ አስገቡለት። ሰውየው ከወራት በኋላ በሌላ ችግር ሞተ፤ ቫልቩ ግን ሠርቶ ነበር። በ2004 የልብ ቫልቭ አምራቹ ኤድዋርድስ ላይፍሳይንስስ ፒቪቲን በ125 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

ምርት ገበያ ሳይደርስ ኩባንያን መሸጥ ስግብግብነት የሚመስላቸው አሉ። እኔ አልስማማም። የቬንቸር ፈንድ ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ዐሥር ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ለባለቤቶቹ መመለስ አለበት። ይህ ቫልቭ በአውሮፓ የተፈቀደው በ2007፣ በአሜሪካ በኅዳር 2011 ነው፤ ከምሥረታው ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕመምተኞችን በብዙ ሆስፒታሎች የሚከታተል ሙከራ ደግሞ ትንሽ ኩባንያ የሚሸከመው አይደለም። ያንን የተሸከመው ገዢው ሆነ። በ2010 በታተመው ውጤት፣ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ከማይችሉ ሕመምተኞች መካከል በተለመደው ሕክምና የቆዩት 50.7 በመቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱ፤ ቫልቩ ከገባላቸው የሞቱት 30.7 በመቶ ናቸው። ለዚህ ልዩነት ሲባል የፈንዱ ትርፍ አያስቆጨኝም።

የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። ያ «ማን ይከፍላል?» የሚል ጥያቄ ገንዘቡን የጤና መድን ወዳላቸው የሀብታም አገር አዛውንቶች ይመራዋል። በኢትዮጵያ ቫልቭ የሚያበላሸው በዋናነት የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ የሚያጠቃውም ልጆችንና ወጣቶችን ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ሚትራል የተባለ ሌላ ቫልቭ ነው። የክሪቢዬ ቫልቭ ደግሞ ቦታውን ይዞ የሚቆየው በተጋገረው ካልሲየም ላይ ተጣብቆ ስለሆነ፣ ካልሲየም በሌለበት ወጣት ልብ ውስጥ የሚይዘው ያጣል። በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ በልብ ቀዶ ሐኪሙ በፒተር ዚላ የተመራ ቡድን ስትሬይት አክሰስ ቴክኖሎጂስ የተባለ ኩባንያ መሥርቶ ለእነዚህ ሕመምተኞች የሚሆን ቫልቭ ሲያበጅ ቆይቷል። ለእንዲህ ያለው ኩባንያ የዐሥር ዓመት ቀነ ገደብ ያጥራል፤ የአፍሪካ መንግሥታትና ለጋሾች ትርፍ ፈላጊውን ሳይጠብቁ ቀድመው ገንዘብ ሊያስገቡበት ይገባል ብዬ አምናለሁ።