ስምንት ግራም ብር በአንድ ከሰዓት፦ ታይትሬሽንን በትንሽ መጠን ስለመማር

የዚህ እትም የሳይንስ ዓምድ ስለ ላብ ነው። እንደተለመደው ስለ ጃቢር ኢብን ሐያን እንጽፋለን ብላችሁ ከጠበቃችሁ አፉ በሉን፤ እሱን ለሌላ ጊዜ አቆይተነዋል። የዛሬው ጉዳይ ሁላችንም ያለፍንበት፣ ብዙዎቻችን ግን በእጃችን ሳንነካው ያለፍነው ታይትሬሽን ነው።

የአንደኛ ዓመት የኬሚስትሪ ላባችንን አስታውሱ። አንድ ቢዩሬት ለስምንት ተማሪ። አንዱ መክፈቻውን ይይዛል፣ አንዱ ፍላስኩን ያወዛውዛል፣ አንዷ ትጽፋለች፤ የቀረነው ከኋላ ቆመን አንገታችንን እናሰግጋለን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኬሚካል አለቀ ተባለ። የቀሩት ሙከራዎች ቁጥር ሰሌዳ ላይ ተጻፈልንና "በዚህ ሪፖርት ሥሩ" ተባልን። ሠራን። የሲኒየሮችን ሪፖርት አጠገባችን ዘርግተን፣ "የስሕተት ምንጮች" በሚለው ክፍል ውስጥ በዓይናችን ያላየነውን ስሕተት አንድ በአንድ ዘርዝረን ጻፍን። ጥሩ ማርክም አገኘንበት። ከሌላ ግቢ የመጡ ጓደኞቻችን ስንነግራቸው ይስቃሉ፤ እነሱም እንዲሁ ናቸውና።

አሁን ኢንጂነሪንግ ገብተን የውሃ ናሙና መመርመር ስንጀምር ያ ክፍተት ወጣ። ውጤታችን ልክ ይሁን አይሁን መለየት አቃተን። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሰን አንድ ጥያቄ ጠየቅን፦ ያ "አለቀ" የተባለው ኬሚካል የት ሄደ?

መልሱ ሲንክ ውስጥ ነው። አንዱን ሙከራ ወስደን እንቁጠር። በውሃ ውስጥ ያለን ክሎራይድ ለመለካት የሞር ዘዴ የሚባለውን ሠርተናል (ወይም ሲሠራ አይተናል)። ከቢዩሬት ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ጠብ ሲል ከክሎራይዱ ጋር ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። ክሎራይዱ ሲያልቅ ትርፉ ብር ኢንዲኬተር ሆኖ ከተጨመረው ፖታሲየም ክሮሜት ጋር ይያያዝና ወደ ሸክላ ቀይ ይለወጣል። ያኔ እናቆማለን። 0.1 ሞላር በሆነ መፍትሔ 25 ሚሊ ሊትር ቢፈጅ፣ አንዱ ሙከራ 0.425 ግራም ሲልቨር ናይትሬት በላ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ሲደገም 1.27 ግራም። በአንድ ከሰዓት አሥር ቡድን ከገባ ወደ 12.7 ግራም። ከዚህ ውስጥ 63.5 በመቶው ራሱ ብር ስለሆነ ከስምንት ግራም በላይ ብር በሲንክ ወርዷል። ወንድሞች ጣታቸው ላይ የሚያደርጉት የብር ቀለበት ብዙውን ጊዜ ከዚህ እምብዛም አይበልጥም። በዚያ ላይ ቢዩሬቱ ሞልቶ ሳያልቅ የሚደፋውን አልቆጠርንም። መድረሳ ውስጥ ለዉዱእ ቧንቧ አብዝተን ስንለቅ ኡስታዞቻችን "ኢስራፍ!" እያሉ የተቆጡን ልጆች፣ ግማሽ ቢዩሬት ስንደፋ ምንም አይመስለንም ነበር።

ከወጪው የሚብሰው ደግሞ አብሮት የሚወርደው ነው። ክሮሜት ውስጥ ያለው ክሮሚየም ስድስት ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀ ነው። ሲልቨር ናይትሬቱም ቢሆን ጣታችንን ለቀናት አጥቁሮት ይሰነብታል፤ እንደ ሒና፣ ያውም ያልፈለግነው ሒና። ከሲንኩ የወጣው ውሃ ከግቢው አጥር ሥር አልፎ ወደ ወንዝ ይገባል፤ ከወንዙ ዳር ደግሞ ጎመን የሚያለሙ ሰዎች አሉ። እኛ የውሃን ንጽሕና ለመለካት በተማርንበት ሰዓት ነው ይህ የሚሆነው።

ይህንን ያሰቡት ሌሎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር የተባሉ ኬሚስቶች የአረንጓዴ ኬሚስትሪን አሥራ ሁለት መርሖዎች አሳተሙ፤ የመጀመሪያው ቆሻሻን ካመነጩ በኋላ ከማጽዳት ይልቅ ከመነሻው አለማመንጨት ይሻላል የሚል ነው። በ2013 ደግሞ ሦስት የፖላንድ ተመራማሪዎች ለምርመራ ኬሚስትሪ ብቻ የተዘጋጁ አሥራ ሁለት መርሖዎችን አወጡ። ከዚያም በፊት፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ሜይን ግዛት ያለው የቦውዶይን ኮሌጅ መምህራን የላባቸው አየር በጭስና በተን ሲያስቸግራቸው፣ ውድ የአየር ማስወጫ ከመግጠም ይልቅ የሙከራውን መጠን ማሳነስን መረጡ። ወደ አህጉራችን ስንመጣም በጆሃንስበርግ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የራድማስቴ ማዕከል ትናንሽ ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሰሌዳ የሚሠሩ የኬሚስትሪ ኪቶችን አዘጋጅቷል። ስለዚህ ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም፤ እኛ ዘንድ ዘግይቶ የደረሰ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መምህር ያነሱብን ተቃውሞ አለ፤ ትክክለኛም ነው። "መጠኑ ሲያንስ ስሕተቱ ይጨምራል" አሉን። እንየው። በባለ 50 ሚሊ ሊትር ቢዩሬት ንባባችን በ0.05 ሚሊ ሊትር ቢሳሳት፣ ከ25 ላይ 0.2 በመቶ ነው። አንድ ጠብታም ወደ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ መጨረሻውን በአንድ ጠብታ ብናልፈው ያው 0.2 በመቶ ነው። መጠኑን ወደ 2.5 ሚሊ ሊትር ስናወርደው ግን ያችው ጠብታ 2 በመቶ ትሆናለች። መምህሩ ልክ ናቸው።

ግን መውጫ መንገድ አለ፤ ያውም ከአንድ በላይ። አንዱ መጠኑን ሳይሆን ጥንካሬውን መቀነስ ነው። 25 ሚሊ ሊትር ባለ 0.01 ሞላር የሚይዘው ብር ከ2.5 ሚሊ ሊትር ባለ 0.1 ሞላር ጋር እኩል ነው፤ ቢዩሬቱም ንባቡም እንደነበሩ ይቀጥላሉ። ለክሎራይድ ምርመራ በውሃ ላቦራቶሪዎች የተለመደው ሲልቨር ናይትሬት ራሱ 0.0141 ሞላር ነው፤ አንዱ ሚሊ ሊትር ከ0.5 ሚሊግራም ክሎራይድ ጋር እንዲገጥም ተብሎ የተመረጠ። ታዲያ ተማሪ በሰባት እጥፍ የጠነከረ የሚጠቀምበት ምክንያት ምንድን ነው? እርግጥ መፍትሔው ሲቀጥን የቀለም ለውጡም ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ናሙና በሌለበት በንጹሕ ውሃ አንድ ጊዜ ሠርቶ የኢንዲኬተሩን ድርሻ መቀነስ ያስፈልጋል። ይህም ራሱ አንድ ትምህርት ነው።

ሌላው መንገድ ከማንበብ ይልቅ መመዘን ነው። መፍትሔውን በጠብታ ማንጠባጠቢያ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን ከሙከራው በፊትና በኋላ እንመዝነዋለን፤ ልዩነቱ የፈጀነው ነው። እስከ 0.01 ግራም የምታነብ ሚዛን ለ2.5 ግራም 0.4 በመቶ ትሰጣለች፤ እስከ 0.001 የምታነብ ካለች ከቢዩሬቱም ትበልጣለች። የጠርሙሱ አፍ ቀጭን ሲሆን ጠብታውም ያንሳል። ቢዩሬት የተሰበረበት ላብ ብዙ ነው፤ ሚዛን የሌለበት ግን ጥቂት ነው።

የተሞከረውን እንንገራችሁ። የላብ ቴክኒሻናችን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ አንድ ቅዳሜ ክፍሉን ከፈቱልንና ስምንት ሆነን የዶርማችንን የቧንቧ ውሃ ሃርድነስ ለካን። ሃርድነስ ማለት በውሃው ውስጥ የሟሟው የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር መነሻው እሱ ነው። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌ ደረሰን። 5 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ፒኤቹን 10 አካባቢ የሚያቆይ ጥቂት የአሞኒያ በፈር (ሽታው ከባድ ስለሆነ ጋሼ ራሳቸው በጭስ ማስወጫው ሥር ጨመሩልን)፣ ቅንጣት ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ፤ ከዚያ 0.01 ሞላር ኢዲቲኤ ጠብ ጠብ። ቀለሙ ከወይን ጠጅ ወደ ሰማያዊ ሲዞር ማቆም ነው። 0.75 ሚሊ ሊትር ቢፈጅ ስሌቱ በሊትር 150 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ይሰጣል። በሲሪንጁ ላይ አንዷ የ0.01 መስመር 2 ሚሊግራም ናት።

ሰባታችን ከ0.73 እስከ 0.78 ባለው ውስጥ ወደቅን። ስምንተኛው ወንድማችን 0.91 አለ። ደገመ፤ 0.75 መጣ። ሲሪንጁን ሲሞላ የአየር አረፋ አስገብቶ ኖሯል፤ አረፋው ሲወጣ መፍትሔ ፈሰሰ ብሎ ቆጥሮታል። በአንደኛ ዓመት ሪፖርታችን ሁላችንም "የአየር አረፋ በቢዩሬቱ ጫፍ" ብለን ጽፈን ነበር። እሱ ያየው ያን ቅዳሜ ነው። ስምንት ሰው አንድ ቢዩሬት ከብቦ ቢሆን ኖሮ አንድ ቁጥር ብቻ ይኖረን ነበር፤ ያ ቁጥር 0.91 ቢሆን ማን ያውቃል? ሁሉም ለእያንዳንዱ ሰው ከ10 ሚሊ ሊትር ያነሰ ፈሳሽ ነው የወሰደው። በሰዓቱ አለቀ፤ ዐስርንም ሳንሻማ በጀማዓ ሰገድን።

ይሁንና "አረንጓዴ" በተባለ ነገር ሁሉ መደሰት አያስፈልግም። ለምሳሌ ከርከዴን እንውሰድ። ቤታችን የምናፈላው ከርከዴ በአሲድ ቀይ፣ በቤዝ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ስለሚሄድ ኢንዲኬተር ይሆናል ይባላል። በአቼቶ ውስጥ ያለውን አሲድ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስንለካ ሞከርነው፤ አቼቶውን አሥር እጥፍ አቅጥነን 1 ሚሊ ሊትር ብንወስድ ሲሪንጁ ይበቃዋል። ነገር ግን የዚህ ሙከራ ማብቂያ ፒኤቹ ከ8 በላይ ነው፤ ከርከዴው ደግሞ ቀስ በቀስ በደብዛዛ ወይን ጠጅ በኩል ስለሚያልፍ የት ላይ እንደምናቆም ተከራከርን። ፊኖልፍታሊን በአንድ ጠብታ ቁርጥ አድርጎ ሮዝ ይሆናል። ፊኖልፍታሊን በካንሰር ስጋት በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ከማስቀመጫ መድኃኒትነት የወጣ ነገር መሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም እዚህ የምንጠቀመው አንድ ሁለት ጠብታ ቀጭን መፍትሔ ነው፤ አንጠጣውም። በእኛ አስተያየት ከርከዴው ለሃይስኩል ማሳያ ግሩም ነው፤ ለትክክለኛ ልኬት ግን ፊኖልፍታሊኑ ይቆይ። ለክሎራይዱ ግን ሌላ ነው፤ በክሮሜቱ ቦታ ዳይክሎሮፍሎረሲን የሚባለው ኢንዲኬተር ይሠራል፤ ዝቃጩ ሮዝ ሲሆን ይቆማል። ብሩ ያው ብር ነው፤ ክሮሚየሙ ግን ከነጭራሹ ይቀራል።

ለሲቪልና ለኢንቫይሮመንታል ተማሪዎች አንድ ቃል እንጨምር። የቆሻሻ ውሃን ሲኦዲ መለካት ግዴታችሁ ነው። የቆየው የማፍላት ዘዴ 50 ሚሊ ሊትር ናሙና ይዞ ከዳይክሮሜትና ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር በድምሩ 150 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ለአንዱ ናሙና ብቻ 1 ግራም የሜርኩሪ ሰልፌት ይገባበታል። የብክለት መለኪያው ራሱ ሜርኩሪና ክሮሚየም ያመነጫል ማለት ነው። በተዘጋ ቱቦ የሚሠራው ዘዴ ግን 2.5 ሚሊ ሊትር ናሙና ይዞ በድምሩ 7.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሜርኩሪውም ወደ 0.05 ግራም ይወርዳል። ሃያ እጥፍ ያነሰ። ሁለቱም በውሃ መመርመሪያ መደበኛ መጽሐፍ የጸደቁ ናቸው፤ ትንሹ "የልጆች ጨዋታ" አይደለም። መምህራችሁ ትልቁን ካዘዙ በአክብሮት ስለ ትንሹ ጠይቁ።

መጠን ቢያንስም የዓይን መከላከያ መነጽርና ጋውን አይቀሩም፤ 1 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ዓይን ውስጥ ከገባ ትንሽ ነው ብሎ አይምርም። ፒፔት በአፍ መሳብም እስከ አሁን የሚታይ ልማድ ነው፤ ይቅር።

የተረፈውን በተመለከተ ጋሼ መደርደሪያው ላይ ሦስት ጠርሙስ አስቀምጠዋል። በአንዱ ላይ "ብር"፣ በሁለተኛው ላይ "ክሮሚየምና ሜርኩሪ"፣ በሦስተኛው ላይ "አሲድና ቤዝ" ብለው በማርከር ጽፈዋል። ሦስተኛው እርስ በርሱ ተገለልሎ ፒኤቹ ከታየ በኋላ በብዙ ውሃ ይወርዳል። ሁለተኛው ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ተማሪ አይነካውም። የመጀመሪያው ላይ ጨው ይጨመርበታል፤ ብሩ ነጭ ሆኖ ከታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለው ውሃ ይቀዳል። ባለፈው ስናየው ዝቃጩ ብርሃን አግኝቶ ወደ ግራጫ እየጠቆረ ነበር። ጋሼ ሲበዛ ብሩን መልሰው ለማውጣት አስበዋል፤ ጠርሙሱ ገና አንድ ሦስተኛው ነው የሞላው።