ቀዝቃዛ ሂተር ስለ ሞተሩ ምን ይነግረናል?

የዛሬው ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል፦ በብርድ ጠዋት የመኪናው ሂተር ቀዝቃዛ አየር ሲነፍስ ጉድለቱ የት ነው? ሂተር ከዳሽቦርዱ ጀርባ የተቀመጠ ትንሽ ራዲያተር ነው። ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ስለሆነ፣ የእርሱ ሕመም ብዙ ጊዜ የሞተሩ ሕመም ነው።

በአገራችን ደጋግሜ የማየው ምክንያት የቴርሞስታት መውለቅ ነው። ሞተር ከልክ በላይ ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣል በየጋራዡ እንደ መፍትሔ ይቆጠራል። ቴርሞስታት በአብዛኛው ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መከፈት ይጀምራል፤ እስከዚያ ድረስ ፈሳሹ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ አግዶ ሞተሩን ቶሎ ያሞቃል። ከሌለ፣ ውርጭ በሚጥልባት ደብረ ብርሃን ሞተሩ ሳይሞቅ ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ ነዳጅ ይፈጃል፣ ዘይቱም በነዳጅ ይቀጥናል። ያው መኪና በጣርማበር በኩል ሸዋ ሮቢት ወርዶ ዳገቱን ሲመለስ ደግሞ መጀመሪያውኑ የተደፈነው ራዲያተር እንደ ተደፈነ ነውና መሞቁ አይቀርም።

ምርመራው በእጅ ይጀመራል። ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሥታችሁ፣ ከማራገቢያውና ከቺንጊያው እጃችሁን አርቃችሁ፣ የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ ዳስሱ። ለደቂቃዎች ቀዝቅዞ ቆይቶ በድንገት ቢሞቅ ቴርሞስታቱ ይሠራል፤ ከመነሻው ቀስ በቀስ ቢሞቅ ግን ክፍት ሆኖ ቀርቷል፣ አለዚያም ጭራሹን የለም። ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ ሂተሩን ከፍታችሁ የእርሱን ሁለት ቱቦዎች አነጻጽሩ። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ጉድለቱን በአየር ማስተላለፊያው በኩል ፈልጉ፤ አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ የሂተሩ ራዲያተር ተደፍኗል፣ ወይም ቫልቩ አልተከፈተም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሙቀት ጌጁ ወደ ላይ ወጥቶ ሳለ ሂተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። በአብዛኛው ፈሳሹ ጎድሏል፣ አየር ገብቷል፣ ወይም የውሃ ፓምፑ አይገፋም። መኪናውን ወዲያው አቁማችሁ ሞተሩን አጥፉ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን በትኩሱ ፈጽሞ አትክፈቱ።

ስለዚህ ክዳን ጥቂት ልጨምር፤ ርካሽ በመሆኑ ይናቃል። በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ በክፍት ዕቃ ያለ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ይህም ቴርሞስታት ከሚከፈትበት ሙቀት እምብዛም አይርቅም። ፈሳሹን ከመፍላት የሚያድነው ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ቆላ ላይ ለጊዜው ቢያገለግል እንኳ ደጋ ላይ ያጋልጣል፤ ስለዚህ ሞተር ተፈታ ከመባሉ በፊት ክዳኑ ይፈተሽ እላለሁ። አንቲፍሪዝ የሌለበት ውሃ ብቻ የሚጨመርበት መኪናም ውስጡ ይዝጋል፤ ዝገቱን ቀድመው የሚያጠራቅሙት የሂተሩ ጠባብ ቱቦዎች ናቸው።